አንድ ያላት እንቅልፍ የላት

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ዛሬ ለጥቂት እናቶች ብቻ የሚነገር መሆኑ ቀርቷል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጆች ስትወልድ፣ የአዲስ አበባዋ 1.8 ብቻ ሆና ተገኝታለች። ይኸውም በከተማችን በአንድ ልጅ የሚቆመው ቤት ጥቂት አይደለም ማለት ነው።

አማኑኤል ሠፈር ያደገ ሰው ምክንያቱን ሳይነግሩት ያውቀዋል። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት፤ ከመጋረጃው ወዲህ ምድጃ፣ ወዲያ መኝታ። እናት ማለዳ መርካቶ ወርዳ ያገኘችው ትርፍ ለአስቤዛና ለትምህርት ቤት ተከፍሎ ሲያልቅ፣ ሁለተኛ ልጅ ማሰብ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል።

ጎረቤት ግን «አንድ ልጅ ሞልቃቃ ነው፤ ማካፈል አያውቅም» ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ቶኒ ፋልቦና ዴኒዝ ፖሊት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. 115 ጥናቶችን መርምረው፣ ብቻውን ያደገ ልጅ ከሰው ጋር በመግባባት ከሌላው የሚያንስ ሆኖ አላገኙትም። ደግሞስ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለስምንት ቤት በሆነበት ግቢ ማካፈል ሳይማሩ ማደግ ይቻላልን? ዳቦ ይዞ የወጣ ልጅ ለሌሎቹ ሳይቆርስ ከደጃፉ አያልፍም!

እንግዲያው ችግሩ ወዴት ነው? በእኛ አስተያየት ከሸክሙ ላይ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሏል። የእናት እርጅና፣ የአባት ያልተፈጸመ ምኞት፣ የቤቱ ስም፣ ሁሉም በአንድ ትከሻ ላይ ይወድቃል። እኛም ከአንድ ልጆች ወገን መሆናችንን አንሸሽግም። ሥነ ጽሑፍ መምረጣችንን ለእናታችን ለመንገር ሁለት ወር ፈጅቶብናል። በነገርናት ጊዜ አልተቆጣችም፤ «እንግዲህ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?» ብቻ አለች። ብትቆጣ ይሻለን ነበር።

ስለዚህ አንድ መውለድ ነውር ነው አንልም። ወላጆችን የምንለምነው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለልጁ ደኅንነት ስትሉ በር አትዝጉበት፤ የጎረቤት ልጅ ወንድሙና እኅቱ ይሁን። ሁለተኛ፣ የእርጅናችሁን ስንቅ ሁሉ በእርሱ ላይ አትጫኑ። ዕቁብና ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ለእርጅናም መላ አያጣም።

ለእናንተም፣ የማደሪያችን ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ቃል አለን። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወደ ኮሪደር ወጥቶ «ደኅና ነኝ እማዬ» ብሎ የሚመለሰውን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ምናልባት ፈተና ወድቆ ይሆናል፤ ለእርሷ ሊነግራት አይችልም፤ በቤቱም ሌላ የሚነግረው የለም። እስቲ ዛሬ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብለን እንጠይቀው።