የአርሲን በሽተኛ ማን ቆጠረው?

አዳማ መናኸሪያ ቆሞ ለሚያስተውል ሰው ነገሩ ምስጢር አይደለም። ከአሰላ የሚወርደው፣ ከባሌም የሚመጣው በሽተኛ ምራቁን እንኳ መዋጥ ተስኖት ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። ሐኪሞች የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ይሉታል። አርሲና ባሌ ላይ እንደሚበዛ ከተነገረ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱ ግን ምንድነው? አንዱ ትኩስ ገንፎ ነው ይላል፤ ሌላው ጫት። በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ተራ አስገብቶታል። እንግዲህ ገንፎውም በረድ ብሎ ይበላ፤ ጉዳት የለውም።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. «ኔቸር ጄኔቲክስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ8 አገሮች የ552 በሽተኞችን ዕጢ ጂኖም ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ኬንያ አለች፣ ታንዛኒያ አለች፣ ማላዊ አለች። ኢትዮጵያስ? የለችም! የኬንያው ስምጥ ሸለቆ እኮ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ የወረደው ያው የኛው ሸለቆ ነው።

ግኝቱ ደግሞ ጉድ ያሰኛል። ሲጋራ በሳንባ ካንሰር ላይ የጣት አሻራውን ይተዋል። ተመራማሪዎቹ እዚህም ያን የመሰለ አሻራ ነበር የፈለጉት። ነገር ግን በሽታው የሚበዛበትና የማይበዛበት አገር ዕጢ ተመሳሳይ ሆኖ አረፈው። ከመቶው በ88ቱ ላይ የተገኘው አሻራ የራሳችን ሰውነት ነው። አፖቤክ የሚባሉት፣ ቫይረስ የሚከላከሉልን ኢንዛይሞች፣ ዞረው የገዛ ሴላችንን ጂኖም ይቧጭራሉ። ዘበኛው ቤቱን ዘረፈ በሉት! ታዲያ ዘበኛውን ማን አሳበደው? ትኩሱ? ጫቱ? ጭሱ? ይህ የሚታወቀው በሽታው ያለበትን መንደር ሰው እየጠየቁ እንጂ ፈረንጅ አገር ቁጭ ተብሎ አይደለም።

ግን ምን ይዘን እንጠይቅ? በ2011 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ የተቋቋመው የካንሰር መዝገብ የሚቆጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው። አርሲው እዚያው አልጋ ላይ ቢሞት ከከተማው ቁጥር አይገባም። ባለሥልጣኖቻችን ለሕንፃ ምረቃ መቀስ አይጠፋቸውም፤ መዝገብ ግን ሪባን የለው፣ ማን ይሄድለታል?

በ2018 እ.ኤ.አ. ጄምስ አሊሰንንና ታሱኩ ሆንጆን ለኖቤል ያበቃው ምርምር የሰውነትን መከላከያ ፍሬን የሚለቅ መድኃኒት አስገኝቷል። አሜሪካ ለዚህ ካንሰርም በ2021 ከኬሞቴራፒ ጋር ፈቅዳዋለች። ዋጋውን ለአርሲ ገበሬ መንገር ግን ስድብ ነው። የኛው ሰው በመድኃኒቱም በጥናቱም የለበትም!

ጤና ሚኒስቴርም ሆነ የኦሮሚያ ጤና ቢሮ ጆሮ ዳባ ልበስ አይበሉ። የአርሲና የባሌ ሰው እንደ አዲስ አበቤው ይቆጠር። ለምርመራ የሚቆረጠው ናሙና በበሽተኛው ፈቃድ እዚሁ አገር ይቀመጥ፤ የሚመጣ ተመራማሪም ከኛ ሐኪሞች ጋር አብሮ ያንብበው እንጂ አሽጎ አይሂድ። ለዚህ ደግሞ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ጸሐፊ፣ ማቀዝቀዣና የማይቋረጥ መብራት ይበቃል። መብራቱ እንኳ... እሱን ለሌላ ሳምንት እናቆየው።