ለስኳር በሽታ ይበጃል ስለሚባል ዕፅ

ባላገሮች «ይህ ቅጠል ለስኳር በሽታ ፍቱን ነው» እያሉ ለእርሻ ሹማምንት ማስታወቃቸው የተለመደ ነው። ነገሩን መናቅ አይገባም፤ ወዲያው ተቀብሎ ማወጅም አይገባም። የሚገባው መመርመር ነው፤ የምርመራውም መጀመሪያ ያለው በእርሻ ሹም እጅ ነው።

መናቅ የማይገባበት ምክንያት ይህ ነው። በአውሮፓ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ ጋሌጋ የሚባል ተክል ከጥንት ጀምሮ ለመድኀኒት ያገለግል ነበር። በውስጡ ያለው ጋሌጊን የደምን ስኳር እንደሚቀንስ ታወቀ፤ ዳሩ ግን መርዝነት ስላለው ለሕሙማን አልተስማማም፤ ተክሉንም የበሉ በጎች ይሞታሉ። የጋሌጊን ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1922 በኬሚስቶች እጅ ተሠራ፤ ዣን ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ሕሙማን መጥቀሙን ጽፎ የገለጠው ግን በ1957 ነው። በመካከሉ 35 ዓመት አለፈ።

ምርመራው በደረጃ የሚሄድ ነው። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ በውሀ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጠለላል። የተጠለለው ከውሀ ጋር ሲናጥ አረፋው ቢቆይ ሳፖኒን እንዳለበት፥ የብረት ክሎራይድ ሲጨመርበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ወደ ጥቁር አረንጓዴ ቢለወጥ ታኒንን የመሰለ ነገር እንዳለበት ያመለክታል። ነገር ግን ሳፖኒን በእንዶድ፥ ታኒንም በሻይ ቅጠል ይገኛል። ስለዚህ አረፋውንና ቀለሙን አይቶ መድኀኒት ተገኘ ማለት አይቻልም። ቀጥሎ ቆሽታቸው በአሎክሳን በተጎዳ አይጦች ላይ ይሞከራል፤ መጠኑና መርዝነቱ ይለካል፤ በመጨረሻም በሐኪም ጥበቃ በሰው ላይ ይፈተናል። አይጥን የጠቀመ ሁሉ ሰውን አይጠቅምም።

ዕፁ በትክክል ካልታወቀ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሽፈራው የምንለውን ዛፍ በጋሞ ሀለኮ ይሉታል፤ ደግሞም የአገራችን ሽፈራውና ከሕንድ የመጣው ሽፈራው በአንድ ስም ቢጠሩም ዐይነታቸው ሁለት ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉን ከነአበባውና ከነፍሬው በወረቀት መካከል አድርቆ፥ የተለቀመበትን ስፍራ፥ ቀኑን፥ የአገሩን ስም፥ የሚወሰደውን ክፍልና የአዘገጃጀቱን ሥርዐት ጽፎ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ የዕፀዋት መዘክር መላክ ይገባል። የማኅበረሰቡ ዕውቀትና መብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከማን እንደ ተገኘ ሳይመዘገብ አይቅር።

ከሁሉ የሚበልጠው የሰው ነፍስ ነው። ኢንሱሊን በ1922 ለሕሙማን መሰጠት ሳይጀምር፥ ቆሽቱ ኢንሱሊን የማያወጣ ልጅ ከሞት የሚያድነው አልነበረም፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መርፌውን ቢተው በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል። ክኒን የሚውጠውም ቅጠል ቢደርብበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ሹም በስብሰባ ላይ «ይህ ቅጠል ያድናል» ቢል፥ ባላገሩ የመንግሥት ቃል ነው ብሎ ያምነዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን የፈሰሰው አይለቀምም። እንግዲህ ዕፁን ለምርመራ፥ ሕመምተኛውን ለሐኪም ማቅረብ የሹም ተግባር ነው።