የሊሊ ብራውን ወጥ ቤትና የሳቁባት ሰዎች

የሴቶች መብት ሲነሣ፣ «ሕጉ ይፍቀድላቸው እንጂ የቀረውን ራሳቸው ይወጡታል» የሚሉ ሰዎች አሉ። አነጋገሩ ለጆሮ ያምራል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በፋብሪካ ውላ ማታ ምድጃ የሚጠብቃት ሴት፣ በተፈቀደላት መብት የምትሠራበት በየትኛው ሰዓት ነው?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት አንዷ ጀርመናዊቱ ደራሲ ሊሊ ብራውን ናት። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. በሃልበርሽታት ከተማ ተወለደች። አባትዋ የፕሩሲያ ጄኔራል ሲሆን፣ እርስዋ ግን ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋራ መቆምን መረጠች። በ1901 ዓ.ም. ባሳተመችው ጽሑፍ ያቀረበችው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከ50 እስከ 60 የሚሆኑ ቤተ ሰቦች በአንድ ሕንፃ ይኑሩ፤ በ50 ምድጃ ፈንታ አንድ የጋራ ወጥ ቤት ይበጅ፤ ሙያ ያላት ሴት ከረዳቶችዋ ጋራ በደመወዝ ታብስልበት፤ ምግቡም በአሳንሰር ወደየቤቱ ይውጣ።

ብዙዎች «ቤተ ሰብ ሊፈርስ ነው» ብለው ሳቁባት። ከሳቁት ወንዶች መካከል የዚያን ዕለት እራቱን በገዛ እጁ ያበሰለ ስንቱ ይሆን? ከገዛ ፓርቲዋም ክላራ ዜትኪን፣ የደኻው ሠራተኛ ገቢ ለዚህ አይበቃምና ነገሩ ሕልም ነው ስትል ነቀፈቻት። ይህ ነቀፌታ እውነት አለበት፤ በ1909 ዓ.ም. ገደማ በበርሊን የተሠሩት እንዲህ ያሉ ቤቶች የደኻ መኖሪያ አልሆኑም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ውድ ነው ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ሕጉማ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። የፕሩሲያ ሴቶች ከ1850 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክለው ከነበሩበት የፖለቲካ ማኅበር መግባት የቻሉት በ1908 ዓ.ም. ነው። የምርጫ መብትም በ1918 ዓ.ም. ታወጀ፤ ሊሊ ግን በ1916 ዓ.ም. ሞታ ነበርና አላየችውም። ምድጃውስ? በምዕራብ ጀርመን እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ማስተዳደርን የሚስት ሥራ አድርጎት ነበር፤ ሚስት ደመወዝተኛ ለመሆን መብት የነበራትም ሥራዋ ከቤት ግዴታዋ ጋራ እስከ ተስማማ ድረስ ብቻ ነበር። ሊሊ የተሳቀባት ነገር ከሞተች 60 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ከሕግ መጽሐፍ ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በገበታ ዙሪያ ተቀምጠን ስለ ሴት መብት ስንከራከር፣ የቀረበልንን ማዕድ ማን እንዳበሰለውና ስንት ሰዓት እንደ ፈጀበት ሳንጠይቅ ብንነሣ፣ ክርክራችን ከግማሽ መንገድ ቀርቷል።