ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጐተራ አይደለም

«ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል» ማለት በአገራችን የምርቃት ያህል ሲቈጠር ኖሯል። ሊቃውንት የደረሱበት ነገር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዶክተር ጎክሃን ሆታሚስሊጊልና ባልደረቦቻቸው የወፈሩ አይጦችን መርምረው፣ ስብ «ቲ.ኤን.ኤፍ. አልፋ» የተባለውን የሰውነት ዘብ የማንቂያ መልእክት እንደሚልክ፣ ይኸውም የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያደናቅፍ አሳዩ። ጠላት ሳይመጣ ሁልጊዜ ደወል ሲደወል ዘቡ የራሱን ቤት ይጐዳል። ለስኳር በሽታም አንዱ በር ይህ ነው። በ1994 ደግሞ ዶክተር ጄፍሪ ፍሪድማንና ጓደኞቻቸው ሌፕቲን የተባለውን የስብ መልእክት አገኙ። ሰው ተርቦ ስቡ ሲመናመን ሌፕቲኑ ይቀንሳል፤ ዘቡም ይዳከማል። እንግዲህ ረኀብም ሆነ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚጐዱት ያንኑ ዘብ ነው።

ይህ ለጋሞ ዞን የሩቅ ወሬ አይደለም። በጨንቻ ደጋ ገብስና እንሰት የሚያለማው ገበሬ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፤ ቈላ ወርዶ አርባ ምንጭ ሲገባ ግን ባጃጁ፣ ለስላሳ መጠጡና በዘይት የተጠበሰው ምግብ ከደጅ ይጠብቁታል። የቀጨጨ ሕፃንና የወፈረ ጐልማሳ በአንድ ሰፈር ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎቻችን ሕፃኑን በሚመዝኑበት ትጋት የአባቱንም ወገብ ሊለኩ ይገባል።