አካፋው ሲቀል

የባቡር ነጂውን ኬሲ ጆንስን አሜሪካ በዘፈን ታውቀዋለች። ኤፕሪል 30 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ሌሊት ሚሲሲፒ ውስጥ ከቆመ የጭነት ባቡር ጋር ተላትሞ ሞተ። “ዝለል” ብሎት ዘሎ የተረፈው እሳት አንዳጁ ሲም ዌብ ግን ጥቁር ነበር። በደቡባዊ አሜሪካ የዘር አድልዎ ሥርዓት ዕድሜ ልኩን ቢያነድም የነጂው ወንበር አይደርሰውም ነበር።

በእንፋሎት ዘመን ነጂ የሚወጣው ከእሳት አንዳጆች መካከል ነው። ነጩ ወጣት ለዓመታት አካፋ ይዞ ከቆየ በኋላ ወደ ቀኙ ወንበር ይሻገራል፤ ጥቁሩ በግራው በኩል እንዳለ ያረጃል።

አካፋ መያዝ ጉልበት ብቻ የሚመስለው ተሳስቷል። አንዳጁ በሚንገጫገጭ ወለል ላይ እግሩን አንፈራጦ ይቆምና ከሰሉን ሳይከምር ስስ አድርጎ እስከ ምድጃው ማዕዘን ይበትነዋል። እሳቱ አንድ ቦታ ከሳሳ ቀዝቃዛ አየር ሰርጎ እንፋሎቱን ያወርደዋል። ጭሱ ከጠቆረ ከሰሉ በቅጡ ሳይነድ እየባከነ ነው። የውሃውን ልክ የሚያሳየውን የመስታወት ቱቦም ደጋግሞ ያያል፤ ውሃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፣ ቦይለሩም ሊፈነዳ ይችላል። ዳገቱ ሳይደርስ እሳቱን ማዘጋጀት ያለበትም እሱ ነው።

ጥቁር አንዳጆች ከሥራው የተገፉት ሥራው ከብዷቸው አይደለም። ሥራው ስለቀለለ ነው። ምድጃው ላብ ሲያስፈስስና ክፍያው ሲያንስ ሥራውን በደቡቡ ጥቁሮች በብዛት ይሠሩት ነበር። በ1930ዎቹ ሥራ ሲጠፋ፣ ከሰል የሚመግብ ማሽን ሲስፋፋ፣ ዲዝልም ብቅ ሲል ግን ቦታው ተፈላጊ ሆነ። በዚያው ዐሥርት መጀመሪያ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር አንዳጆች በሥራ ላይ እያሉ በጥይት ተገድለዋል።

ጥይት ያልጨረሰውን ውል ሊጨርሰው ተነሣ። ጥቁሮችን በአባልነት የማይቀበለው፣ በሕግ ግን የሁሉም አንዳጆች ተወካይ የነበረው የሠራተኞች ማኅበር በ1940 ለ21 የባቡር ኩባንያዎች ጥያቄ አቀረበ። በተከታዩ ዓመት ፌብሩዋሪ የተፈረመው ስምምነት የጥቁሮችን ድርሻ በየሥራው ዘርፍ ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። የሉዊቪልና ናሽቪል ባቡር አንዳጅ ቤስተር ስቲል ጥሩ ክፍያ ካለው የመንገደኞች ባቡር ተነሥቶ፣ 16 ቀን ያለ ሥራ ከቆየ በኋላ ወደ ጭነት ባቡር ተላከ። ቀጥሎም ፉርጎ ወደሚያቀያይር ሎኮሞቲቭ ወረደ፤ ይህ ሥራ የባሰ ድካም፣ ያነሰም ደመወዝ ነበረው። ቦታውን የያዙት በአገልግሎት ዘመን የሚያንሱት ነጮች ናቸው።

ስቲል ከሰሰ። ጉዳዩን በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረለት ጥቁሩ የሕግ ሊቅ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነው። ዲሴምበር 18 ቀን 1944 ፍርድ ቤቱ፣ ሁሉንም ሠራተኞች የሚወክል ማኅበር በዘር አድልዎ ሊያደርግባቸው አይችልም ሲል ወሰነ። ታላቅ ድል ነው፤ ግን ጎዶሎ ነበር። ማኅበሩ ጥቁሮችን አባል እንዲያደርግ አልተገደደም፤ ነጂ የመሆን ጥያቄም አልተነካም። በቀጣዮቹ ዓመታት ዲዝሉ እንፋሎቱን ከዋና መስመሮች ሲያስወጣ፣ ስቲል የተሟገተለት የሥራ መደብ ራሱ እየተመናመነ ሄደ።