ማሽተትስ ለምን አይለካም?

ለዓይን የፊደል ሠሌዳ፣ ለጆሮ የመስማት መለኪያ መሣሪያ አለ፤ የማሽተት ችሎታ ግን በመደበኛ ምርመራ እምብዛም አይለካም። ይህን ክፍተት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮቪድ-19 አጉልቶታል። ቫይረሱ በአፍንጫ ውስጥ በዋናነት የሚያጠቃው የማሽተት ነርቮችን ሳይሆን ደጋፊ ሕዋሳታቸውን ነው። በማገገም ወቅት ሽታ ሊዛባ፣ የቡና መዓዛም ወደ ግማት ሊለወጥ ይችላል። ጢስን ወይም የተበላሸ ምግብን ማሽተት ያልቻለ ሰው ደግሞ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የጽጌ ረዳ፣ የባሕር ዛፍ፣ የሎሚና የቅርንፉድ ሽታዎችን በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ያሸተቱ ሕሙማን መሻሻል አሳይተዋል። ልምምዱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ስለሆነም ሐኪሞቻችን ከቫይረስ ሕመም ያገገመን ሰው ስለ ማሽተት ችሎታው ሊጠይቁትና ሊፈትኑት ይገባል፤ ያልተለካ ጉድለት እንደሌለ ይቆጠራልና።