ተመልካችን የናቀ መድረክ

በሰንዳፋ ሻይ ቤት ሬስሊንግ ሲታይ «ውሸት ነው!» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ቴያትርስ ምንድን ነው? ተመልካች የሚቆጣው ነገሩ ድርሰት ስለ ሆነ ሳይሆን ሲናቅ ነው።

ደብሊው ሲ ደብሊው የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 ለዓመታት ጀግና ሆኖ የኖረው ሀልክ ሆጋን በድንገት ከዳተኛ ሆኖ ቀረበ፤ ሕዝቡም ጉድ አለ። ድርጅቱ ተቀናቃኙን በተመልካች ብዛት ለ83 ተከታታይ ሳምንታት የበለጠው በዚያን ዘመን ነው።

በጥር 1999 ግን ሆጋን ሻምፒዮኑን ኬቨን ናሽን በጣቱ ነካው፤ ናሽም ተዘርሮ ቀበቶውን አስረከበ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ሌሎች ስሕተቶችም ተደራርበው ድርጅቱ በመጋቢት 2001 ለተቀናቃኙ ተሸጠ።

እንግዲህ እኛም ለመድረካችን ቴያትር ስናዘጋጅ፥ ተመልካቹ አሳቢ መሆኑን አንርሳ። ወዶ የተታለለ ሰው ያጨበጭባል፤ የተናቀ ግን ተነሥቶ ይሄዳል።